ምዕራፍ ስድስት፦ ከፋይዋ ጅዳ፣ ተቀባይዋ ቆቦ

ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በዞብል ተራራና በላስታ ደጋ መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ አላማጣና መቀሌ የሚያልፈው አውራ መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ይሄዳል። ማሽላና ጤፍ፣ ፍየልና ግመል፣ በከርሰ ምድር ውኃ የሚለማ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚገናኙባት የገበያ አገር ናት። በገበያ ቀን ከቆላውም ከደጋውም ሰው ይጎርፋል። ባለሱቁም፣ ልብስ ሰፊዋም፣ ቅቤ ነጋዴዋም ደንበኛ የሚያገኙት በደጃፋቸው ከሚያልፈው ሰው መካከል ነው።

ደንበኛዋ በእግሩ ለሚመጣላት ከተማ ፌስቡክና ቴሌግራም ምን ይሠሩላታል? ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ንግድ በአማርኛ የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አዲስ አበባን አስቦ የተነገረ ነው። ቻናል ክፈት፣ ተከታይ አብዛ፣ ዕቃውን በሞተር አድርስ ይላል። ቦሌ ላይ ጫማ ለሚሸጥ ሰው ይህ ያዋጣዋል፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ሚሊዮኖች አሉለት፣ ሞተረኛውም በሰዓት ውስጥ ይደርሳል። የቆቦ ልብስ ሰፊ ግን ቪዲዮዋ ሐዋሳ ላይ ቢወደድላት ቀሚሱን የምታደርስበት መንገድ የላትም። ሺህ ላይክ ተቀብላ አንድ ቀሚስ ሳትሸጥ ትውላለች፤ ከዚያም «ይህ ነገር ለእኛ አልተሠራም» ብላ ስልኩን ታስቀምጣለች።

እኔ ለእርሷም ተሠርቷል ባይ ነኝ። የሚለየው ደንበኛው የሚፈለግበት ቦታ ነው። የቆቦ ነጋዴ በስልኩ ቀድሞ የሚያገኘው ደንበኛ ከቆቦ ወጥቶ ሌላ አገር የሚኖር የቆቦ ልጅ ነው። እሱ ከሩቅ ይከፍላል፣ ቤተሰቡ እዚሁ ይቀበላል፤ ዕቃው ከከተማዋ ሳይወጣ ይሸጣል።

የራያን ምድር የሚያውቅ ሰው ይህ ደንበኛ ስንት እንደሆነ ይገምታል። ከጅቡቲ ኦቦክ በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን በእግር አቋርጠው ሳዑዲ ዐረቢያ የገቡ ወጣቶች በየመንደሩ አሉ። መንገዱ ብዙዎችን በልቷል፤ የተረፉትም በችግር ላይ ችግር አሳልፈው ነው ገንዘብ የሚልኩት። በየዐረብ አገሩ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች አሉ። አዲስ አበባና ደሴ የከተሙም ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ሁሉ ከቤተሰባቸው ጋር የሚገናኙት በስልክ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በኢንተርኔት ድምፅና ምስል መደወልን የፈቀደችው በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው፤ ኢሞ ግን ዐረብ አገር ባሉ ልጆቻችንና በእናቶቻቸው መካከል ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ዋናው መገናኛ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ የኢሞን ጥሪ ማንሣት ያውቃሉ።

አረፋ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ የሚሆነውን እንመልከት። ልጅት ከጅዳ ገንዘብ ትልካለች። ገንዘቡ በባንክ ይገባል፤ አጎት ወይም የጎረቤት ልጅ ያወጣዋል፤ ገበያ ወጥቶ በግ ይገዛል። በጉ ምን ይመስል እንደነበረ፣ በስንት እንደተገዛ፣ ትርፉ የት እንደገባ ላኪዋ የምትሰማው በወሬ ነው። አንዳንዴ ቅሬታ ይፈጠራል፤ ስለ ገንዘብ በእኅትና በወንድም መካከል ቂም የገባባቸው ቤቶች አሉ። ማንም ሳይሰርቅ፣ የሚያሳይ ስለሌለ ብቻ መተማመን ይጎዳል። ነጋዴው መግባት ያለበት እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የሚሸጠው በግ ብቻ አይደለም፤ ለሩቋ ልጅ ዓይን ይሆንላታል።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጊፍትን የመሰሉ ድረ ገጾች በውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ በግ አዝዞ አዲስ አበባ ላሉ ወላጆቹ የሚያስረክብበትን አሠራር የጀመሩት ቴሌግራም ከመፈጠሩ ከዓመታት በፊት ነበር። ያኔ ለዚህ ሥራ ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያና ከውጭ የሚከፈልበት ካርድ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ስልክ ይበቃል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሎታል። አዲስ አበባ ያለ ወንድም በመኝታው ላይ ሆኖ ቆቦ ላለ ነጋዴ ይከፍላል።

እንግዲህ በግ ነጋዴው ምን ያሳይ? ሰው ገበያ ወጥቶ በግ ሲገዛ የሚያደርገውን ሁሉ በቪዲዮ ያድርግ። ጥርሱን ከፍቶ ያሳይ፤ ላቱን ይጨብጥ፤ ጀርባውን ይዳብስ፤ ጥቂት እርምጃ ያራምደው፤ ቁመቱ እንዲታወቅ ሰው አጠገቡ ይቁም። ይህን በቀን ብርሃን፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይቅረጽ፤ ዳታ ውድ ነው፤ ረጅም ቪዲዮ የሚከፍት ደንበኛ ጥቂት ነው። ሙዚቃ አያስፈልገውም። በራሱ ድምፅ «ዛሬ ይህን ያህል ቀን ነው፣ ቆቦ ነኝ፣ ዋጋው ይህ ነው» ይበል። የራያ አነጋገር ለጅዳዋ ልጅ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይጣፍጣታል፤ የአገሯን ሰው በድምፁ ታውቀዋለች።

በጉ ሲደርስ ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው ነጋዴዎች ትልቁን ነገር ይተዋሉ። በጉ በግቢው በር ሲገባ፣ እናት ገመዱን ሲይዙ፣ «ልጄ ደርሶኛል» ሲሉ ተቀርጾ ለከፋይዋ መላክ አለበት። ያ ቪዲዮ ደረሰኝ ነው። ልጅቱ በሚቀጥለው በዓል ሌላ ነጋዴ አትፈልግም፤ አብረዋት ላሉ የራያ ልጆችም ታሳያለች። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ቪዲዮው ለከፋይዋ ብቻ ይላክ። እናትየው ሳይፈቅዱ በቻናል ላይ ቢለጠፍ፣ ልጃቸው ከውጭ ገንዘብ የምትልክበት ቤት ይህ ነው ብሎ ለሌባ መጠቆም ነው። ቢፈቅዱም እንኳ ፊትና ግቢው ባይታይ እመርጣለሁ። ሰው አምኖ የሰጠህን ምስጢር ለማስታወቂያ ማዋል ነውር ነው።

አሁን ወደ ዋጋ ልምጣ፤ ብዙ ንግድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚሸጡ አብዛኞቹ ነጋዴዎች ዋጋ አይጽፉም። «ለዋጋ ኢንቦክስ» ይላሉ። የሚሰጡት ምክንያት ሁለት ነው፤ ተፎካካሪ እንዳያይብን፣ ዋጋም ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ይላሉ። ሦስተኛውን አይናገሩትም፤ እንደ ደንበኛው አቅም ዋጋ ለመጥራት ይፈልጋሉ። ከውጭ ለሚጠይቅ ሰው ዋጋ ጨምሮ መጥራት በየከተማው የተለመደ ነው። የውጭዋ ልጅም ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ዋጋ የተደበቀበትን ዕቃ አትጠይቅም፣ አልፋ ትሄዳለች። ተፎካካሪ ሱቅ ደግሞ ልጅ ልኮ ዋጋ ለማስጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ዋጋን መደበቅ የሚያሸሸው ገዢን ብቻ ነው።

የዋጋ መለዋወጥ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ ከውጭ የሚገባ ጨርቅና ክር የሚጠቀም ሁሉ ይህን በኪሱ አይቶታል። መፍትሔው ዋጋን ከነቀኑ መጻፍ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ መጪው ቅዳሜ ይጸናል» ብሎ የጻፈ ሰው ከእሑድ ጀምሮ ቢጨምር ማንም አይወቅሰውም። ቀኑ ሳይደርስ ግን ቃሉን ማጠፍ የለበትም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል፤ በቴሌግራም የጻፉት ቃል በወረቀት እንደጻፉት ሊቆጠር ይችላል። አሳሳች ማስታወቂያም በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው።

ገበያ ላይ መከራከር ባህላችን ነው፤ አይጠፋም፣ ሊጠፋም አይገባም። በደጃፍ ለመጣ ሰው መከራከሪያ ይተውለት። በስልክ ላይ ግን የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው ይሁን። ፊት ለፊት ሳይተያዩ መከራከር ሁለቱንም ያሰለቻል፤ በተለይ በሰው ቤት ሠርታ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ስልክ የምትይዝን ልጅ።

የትኛውን መድረክ ይያዝ የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሣል። የአሠራራቸውን ልዩነት ማወቅ ይበቃል። ቴሌግራም በቻናሉ የገባውን ሰው ሁሉ በእኩል ያገለግላል፤ የተለጠፈው በሰዓቱ ቅደም ተከተል ይቀመጣል፤ ደንበኛ ወደ ኋላ ተመልሳ የባለፈውን ወር ዋጋ ልታይ ትችላለች። ፌስቡክ ግን ይመርጣል። በጥር 2010 ዓ.ም. የዘመድና የወዳጅ ጽሑፍን ከንግድ ገጾች እንደሚያስቀድም አስታውቋል፤ ከዚያ ወዲህ ፔጅ ከፍቶ መለጠፍ ብቻውን ለጥቂት ተከታዮች ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሱቁ ፔጅ ከሚከፍት ባለሱቁ በራሱ ስም፣ የአገር ልጆች በተሰበሰቡበት ግሩፕ ውስጥ እንደ ሰው ቢገኝ ይሻላል። ቲክቶክ ቪዲዮን መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች አሳይቶ፣ እስከ መጨረሻው ካዩት ለሌሎች ይገፋዋል፤ የተመልካቹ ብዛት ሊያስገርም ይችላል፤ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ የራያ ሰው እንደሆነ ግን አይታወቅም። ለዚህ ነው በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ «ቆቦ» የሚለው ስም መጻፍም መጠራትም ያለበት፤ ሌላው ያልፋል፣ የአገሩ ልጅ ቆም ይላል። ቲክቶክ ያገናኝ፣ ቴሌግራም ያቆይ፣ ኢሞና ስልክ ሽያጩን ይጨርሱ፤ እኔ ለቆቦ የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

ቡስት ስለ ማድረግ፣ ማለትም ከፍሎ ልጥፍን ስለ ማሰራጨት፣ ሁለት ቃል ብቻ ልበል። ለፌስቡክ ማስታወቂያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ የእኛ ነጋዴ በአማላጅ በኩል በብር ይከፍላል፤ አማላጁም ድርሻውን ይወስዳል። ከአንድ ቀሚስ 150 ብር የምታተርፍ ሴት ለቡስት 2,000 ብር ብትከፍል ገንዘቧን ለመመለስ ብቻ ተጨማሪ 14 ቀሚስ መሸጥ አለባት። ያን ያህል ጨርቅና ጊዜ ከሌላት አትንካው።

ቀሚስ ካነሣሁ ስለ ሶለል ሳልናገር አላልፍም። ላሊበላ አሸንድዬ፣ ሰቆጣ ሻደይ የሚሉት የልጃገረዶች በዓል በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ጌጣቸውን አድርገው ይወጣሉ። ለልብስ ሰፊዋ፣ ለጌጥ ሻጯና ለጸጉር ሠሪዋ ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ ገቢ የሚገኝበት ወቅት ነው። ውጭ ያለች ታላቅ እኅት ለታናሿ የሶለል ቀሚስ ማልበስ ትፈልጋለች፤ ራሷ የጨፈረችበት በዓል ነውና። ሰፊዋ ግን ብዙ ጊዜ መለጠፍ የምትጀምረው በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት፣ መርፌዋ ፋታ ባጣበት ሰዓት ነው። ትእዛዝ መቀበል ያለባት በሐምሌ መጀመሪያ ነው። የተቀበለችውን ቁጥር ቆጥራ፣ ከአቅሟ በላይ ሲሆን «ሞልቷል» ብላ መጻፍ ትችላለች። «ሞልቷል» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ለሚቀጥለው ዓመት ደንበኛ ያመጣል፤ ለበዓሉ ያልደረሰ ቀሚስ ግን ልጅቷንም ከፋይዋንም ለዘላለም ያሳጣል።

የምትለጥፈው ፎቶ የራሷ ሥራ ይሁን። ከአዲስ አበባ ዲዛይነር ገጽ የተወሰደ ፎቶ ለጥፎ «እንዲህ እሠራለሁ» ማለት በብዙ ከተሞች ተለምዷል፤ ደንበኛዋ ቀሚሱ ሲደርስ ከፎቶው ጋር ታስተያየዋለች፣ ንግዱም እዚያው ያልቃል። የራሷን ቀሚስ በደጅ ብርሃን፣ ከፊትም ከኋላም፣ ጥልፉን ቀረብ አድርጋ ታንሣ። ቀለም የሚያሳምር ፊልተር አትጠቀም። ልኩን ለመቀበልም ቀላል ዘዴ አለ፤ ታናሽ እኅት ቆቦ ናት፣ ወደ ሱቁ መጥታ ትለካለች። ከፋይዋ ሩቅ ብትሆንም ለባሿ ቅርብ መሆኗ ለዚህ ንግድ የተሰጠ ጸጋ ነው።

በሌላው ዓለም ያለ ገጠር እንዴት ተሻገረው ለሚል፣ የቻይናዋ ዶንግፌንግ መንደር ጥሩ ማሳያ ናት። በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ሻጂ በሚባል ከተማ ሥር ያለች መንደር ናት። ሱን ሃን የተባለ ወጣት ከተቀጠረበት የስልክ ኩባንያ ወጥቶ በ1998 ዓ.ም. ገደማ ታኦባኦ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሱቅ ከፈተ፤ ቀጥሎም ቀላል የእንጨት መደርደሪያ እያስሠራ መሸጥ ጀመረ። ጎረቤቶቹ አይተው ተከተሉት፤ መንደሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቤት ዕቃ ማምረቻ ሆነ። ከእርሱ ጀርባ ግን እያንዳንዱን ጥቅል በቀናት ውስጥ የሚያደርስ የዕቃ አመላላሽ መረብና ገዢው ዕቃውን እስኪያይ ገንዘቡን ይዞ የሚያቆይ የክፍያ ሥርዓት ነበር። እኛ ዘንድ ዕቃ የሚሄደው ከመናኸሪያ በሹፌርና በረዳት እጅ ነው። ታማኞች ናቸው፤ ብዙ አድርሰዋል፤ ዕቃው ቢጠፋ ግን የሚጠየቅ አካል የለም። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ከቆቦ ወደ ውጭ ከመላክ በፊት እዚሁ የሚረከበውን ደንበኛ ማጥገብ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሽንኩርትና ቲማቲም ሌላ ነገር ናቸው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውኃ የሚያመርት ገበሬ የሚፈልገው ወልድያና ደሴ ያሉ ጥቂት ጅምላ ገዢዎችን ነው። ለእነርሱ ቻናል መክፈት ትርፉ ድካም ነው፤ የስልካቸውን ቁጥር ይዞ፣ ምርቱ ሲደርስ የማሳውን ፎቶና የሚጫነውን ኩንታል መላክ ይበቃል። የሚጠቅመው ገበሬዎቹ እርስ በርሳቸው በአንድ ግሩፕ ሆነው የዕለቱን ዋጋ ቢነጋገሩ ነው፤ ደላላ ለአንዱ ያለውን ዋጋ ሌላውም ሲሰማው አንዱን ከሌላው ለይቶ ማርከስ ይከብደዋል።

ማጭበርበርን በተመለከተ፣ ሻጭ በደንበኛ የተላከለትን የክፍያ ስክሪንሾት ብቻ አይቶ ዕቃ አይልቀቅ፤ በስልክ የሚቀናበር ምስል ነው። የራሱን ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ከፍቶ ብሩ መግባቱን ይይ። ገዢም ለማታውቀው ሻጭ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ መስጠት የለባትም። በመጀመሪያው ግዢ ግማሹን ከፍላ፣ ቀሪውን እናቷ ተረክበው ሲደውሉላት ብትልክ ሁለቱም በሰላም ያድራሉ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የኔትወርክን መኖር ይጠይቃል፤ ቆቦ ደግሞ የኔትወርክ መጥፋትን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ባንክም፣ መብራትም፣ ስልክም አልነበረም፤ ሰው ሞቷል፣ ሱቅ ተዘርፏል። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ሲቀሰቀስ የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማው በዚያው አካባቢ ነው። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ገደቡ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባባሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ንግዷን በሙሉ በቻናል ላይ የሠራች ሴት በአንድ ሌሊት ደንበኞቿን ሁሉ አጣች። ዕቃው እጇ ላይ ነበር፤ ለሚገዛው ሰው ግን የምትደውልበት ቁጥር አልነበራትም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የቆቦ፣ የሮቢትና የጎብዬ ነጋዴዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቻናል ከመክፈታችሁ በፊት የሃምሳ ሉክ ደብተር ግዙ። ከእናንተ የሚገዛውን ሰው ሁሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ያለበትን አገርና እዚህ የሚቀበልለትን ዘመድ ስልክ በእጃችሁ ጻፉ። ዳታ ጠፍቶ ጥሪና አጭር መልእክት የሚሠሩበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የምትሸጡት በዚያ ደብተር ነው። ስልክ ብትቀይሩ፣ አካውንታችሁ ቢዘጋ፣ ቻናላችሁ ቢጠለፍ ደንበኞቻችሁ ከእናንተ ጋር ይቆያሉ። ደብተሩን ቤት ውስጥ አስቀምጡት፤ ግልባጩንም ለምታምኑት ሰው ስጡ።